የወደቡ መስኮት ፋኖስ

ማክሰኞ፣ ጥር 14
ከቤትህ

ለአባ ጋርዱ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር ሰንበቱ በዛ፤ እንደምን ከረምክ እንዳልል ክረምቱም መጥቶ አለፈ። እንዲያው በደፈናው እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ዳገቱን ስወጣ ይሰድበኛል፣ ስወርድ ይረግመኛል፣ ሜዳ ላይ ስሆን ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል። የጓዳው ጣሪያ ባለፈው ንፋስ ጥጉ ተነሥቶብኝ ጀልበኛው መጥቶ መታልኝ። ያቺ ቀንደ ሰባራ ፍየልህ ሁለት ወልዳለች። አንዱ ቁርጥ አንተን ነው፤ ቢጠሩት አይሰማም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የልጃችን የእጅ ጽሑፍ እያማረ ሄዷል። «እጄን እየቆረጠመኝ ነው» ብለህ እሷን ማስጻፍ ከጀመርክ ወራት አለፉህ፤ ይሄ ቁርጥማት ምን ዓይነቱ ጨካኝ ነው! ስልኩም ያው እንደምታውቀው ነው፤ ከመብራት ማማው ሥር ካልቆምኩ አይሰማም። ሲሰማ ደግሞ አንተ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ለልጅቷ ታቀብላታለህ፣ እኔም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስልክ ላይ ሁለታችንም ዋሾዎች ነን። በወረቀት የመጣሁብህ ለዚህ ነው። የምነግርህ ክፉ ነገር አለኝ፤ ከሰው አፍ ሳትሰማው ከእኔ ስማው። የምለምንህም ነገር አለኝ። ግን ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ትንሽ ላውራህ።

አንተ ስታዞራቸው የነበሩትን የደሴቱን ጎብኚዎች አሁን የማዞራቸው እኔ ነኝ። የመንደሩ ኮሚቴ «ሌላ ሰው እስኪገኝ» አለኝና ሌላው ሰው እኔው ሆኜ ቀረሁ። ዕድሜ ልኬን ከጓዳ ሆኜ ስሰማው የኖርኩት ወሬ ነውና በቃሌ የያዝኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ወሬውን እንጂ አወራሩን አልያዝኩትም። ከወደቡ ተነሥተን መጀመሪያ ወደ ውኃ ጉድጓዱ እወስዳቸዋለሁ። ማማው ሳይኖር፣ መንደሩ ሳይኖር፣ ጨው ጫኞቹ ዝናብ ለማጠራቀም ዓለቱን በመዶሻና በመሮ እንደፈለፈሉት እነግራቸዋለሁ። ገመዱ በአፉ ዙሪያ ያወጣውን ቦይ በጣታቸው እንዲነኩት አደርጋለሁ፤ አንተ እንደምታደርገው። እስከዚህ ድረስ ይሳካልኛል።

ችግሩ ደወሉ ጋ ነው። አንተ «የንጉሥ መርከብ ደወል ነው፤ ንጉሡ ሲሰምጥ እንኳ ዘውዱን አላወለቀም» ትላቸው ነበር። እኔ ሞኟ እውነቱን ነገርኳቸው። ሽንኩርት የጫነች መርከብ ናት፤ ጭጋግ ውስጥ ከሰሜኑ ድንጋይ ጋር ተላትማ ተሰበረች፤ ሰዎቿ ሁሉ ደህና ወጡ፤ የደሴቱ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሽንኩርት በላ። ከዚያ በኋላ ነው ደወሉን ወደቡ ላይ ሰቅለው ጭጋግ ሲወርድ ለጀልባዎች መደወል የጀመሩት። ይሄን ስላቸው ፊታቸው ወደቀ። አንዲት ሴትዮ ፎቶ ልታነሣ ያወጣችውን ስልክ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሚቀጥለው ሳምንት ንጉሡን መለስኩት። ዘውዱንም አጠለቅሁለት።

ከዚያ ወደ ማቆያው ቤት እንወጣለን። በድሮ ጊዜ ትኩሳት የታየባት መርከብ ወደ ትልቁ ወደብ መግባት አትችልም ነበር፤ ሰዎቿ እዚህ ይወርዱና እስኪድኑ ወይም እስኪሞቱ እዚያ ቤት ይቆዩ ነበር እያልኩ እነግራቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ በምስማር የጫሯቸውን መርከቦች አሳያቸዋለሁ። በመርከቦቹ ሁሉ መሃል ያቺን ቤት ታስታውሳታለህ፤ በሯ ክፍት የሆነ፣ ከጣሪያዋ ጭስ የሚወጣ። ሰው ሁሉ መርከብ ሲሥል ያ ሰውዬ ቤቱን ሣለ። ጎብኚዎቹ አንዳቸውም ሳይቀሩ እዚያ ጋ ይቆሙና «ለመሆኑ ቤቱ ገባ?» ይሉኛል። አንተ «ገባ እንጂ!» ትላቸው ነበር፣ በሩን እንደከፈተለት ሰው። እኔም ገባ እላቸዋለሁ። ዘንድሮ ግን ይሄን ብዬ ቶሎ ከቤቱ አስወጣቸዋለሁ።

ነጫጮቹ ወፎች ገደሉ ላይ ሰፍረዋል። ለእነሱ የሚሆን ወሬ የለኝም። አንተ እኮ በጩኸታቸው ብቻ «ይቺ እናት ናት፣ ይሄ ደግሞ ዓሣ ነጥቆ የሚሸሽ ሌባ ነው» እያልክ ሰውን ታስገርም ነበር። ከመሄድህ በፊት በነበረው ዓመት ሁልጊዜ በጩኸታቸው ብቻ ሆነ። እኔ ለጨዋታ የምታደርገው መስሎኝ ነበር። እኔ ወፎቹ ጋ ስደርስ «እነዚህ ወፎች ናቸው» ብዬ አልፋለሁ።

እንግዲህ ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

የኤሊዎቹ ወር ገብቷል። ፀሐይ ስትጠልቅ «ጋርዱ! እንግዶቹ ሊወጡ ነው፣ ጋርዱ!» እያለ በየደጁ የሚዞር ሰው ግን የለም። ስምህ የወጣልህ በዚህ ጩኸት ነበር፤ አንተ ስትሄድ ጩኸቱም አብሮህ መሄዱን ማንም ልብ አላለውም። እኔ እንኳ በቀን ለጎብኚዎቹ ሙሉውን ትምህርት እሰጣለሁ። የኤሊ ልጅ ከእንቁላሉ ወጥቶ አሸዋውን ሲገፋ የሚመራው የለም፤ እናቱ ቀብራው ሄዳለች፤ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ባሕሩ ከየብሱ ይልቅ እንደሚያበራ ነው፤ ስለዚህ ወደሚያበራው ይሄዳል እላቸዋለሁ። «በዚህ ወር መስኮቱን ሳይጋርድ የሚያበራ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው» የምትለዋን ያንተን መዝጊያ ግን ከበደችኝና እዘላት ነበር።

ፋኖሱን ታስታውሰዋለህ። ዓሣ ልታጠምድ ወጥተህ ስታመሽ በወደቡ መስኮት የምሰቅልልህን። «እሱ እስከበራ ድረስ ቤት እንዳለኝ አውቃለሁ» ትለኝ ነበር። ማዶ ወደ ልጃችን ቤት ከሄድክበት ምሽት ጀምሮ ሰቅዬዋለሁ። አመሻሽ ላይ ጀልባዋ ስትገባ ከሚወርዱት አንዱ አንተ ብትሆን ብዬ። ጀልባዋ ባዶዋን ከገባችም በኋላ አላጠፋውም ነበር፤ ምናልባት በሌላ ጀልባ ብትመጣስ? የኤሊዎቹ ወር ሲገባ ትንሽ አሰብኩበት፣ አልዋሽህም። ከዚያ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ኤሊዎቹ እንቁላል የሚጥሉት በወዲያኛው ዳርቻ ነው፤ ፋኖሱ ያለው በወደቡ በኩል ነው፤ ቤቱ ራሱ መሃል ላይ ቆሞ ይጋርዳል፤ ምን ያገናኛቸዋል?

ማን እንዳገናኛቸው ልንገርህ። የወዲያኛውን ዳርቻ አሸዋ ክረምት ላይ የተነሣው ማዕበል ጠርጎ ወስዶታል። አንዷ እናት ቦታ ብታጣ ጊዜ በወደቡ በኩል ወጥታ ጀልባ ከሚታሰርበት ግንድ ሥር እንቁላሏን ቀብራ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ዳርቻውን ዞሮ ዱካ የሚፈልግ ሰው ስለሌለ ማንም አላወቀም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በሩን ስከፍት አሸዋው ተጭሯል። ሰው ማበጠሪያ ይዞ ከግንዱ እስከ ደጃችን የጎተተው ይመስላል። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ሸርጣኖቹን አየሁ፣ ወፎቹንም አየሁ። ከመስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳችን ጥግ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ነበር። ባሕሩ ከኋላቸው፣ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ የኔን ግድግዳ ሲቧጥጡ አድረዋል። ስንቱ እንዳለቀ አልቆጠርኩም። መቁጠር አልቻልኩም።

ጫማህን ከበሩ ሥር እንዳስቀመጥክ ትቼው ነበር፤ አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ አላነሣውም። በግራው ጫማህ ውስጥ ሦስት ነፍሳቸው ያልወጣ አገኘሁ። ከመጥረጊያው ሥር፣ ከፍየሏ ገንዳ ሥር የቀሩትንም ለቅሜ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጌ ከተትኳቸውና ጨርቅ አለበስኳቸው። በጠራራ ብለቃቸው ወፎቹ ሊጨርሷቸው ነዋ። ቀኑን ሙሉ ሳፋውን ሲቧጥጡ ዋሉ። ከአጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። ለሰው ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ፤ ከኤሊዎቹ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይሄን ሁሉ አጥፍቼም ፋኖሱን ማጥፋት አለመቻሌ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ጀልበኛው መጣና ሁሉን አየ።

«በይ እንግዲህ ፋኖሱን አጥፊው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለኝ።

«አላጠፋም! ዛሬ ማታ ቢመጣስ? ጨለማ ሆኖ ካገኘው ትታኝ ነው ብሎ በዚያችው ጀልባህ ይመለሳል። ኩራቱን አታውቀውም እንዴ?»

ባርኔጣውን አወለቀ። ይሄ ሰው ሲጨንቀው ታውቀዋለህ፤ ያዞረዋል። አዞረው፣ አዞረውና «ልነግርሽ አልነበረም» ብሎ ጀመረ።

ባለፈው ወር ማዶ ዓሣ ገበያ አግኝቶህ ኖሯል። የልጃችንን ክንድ ይዘህ እንደ ሙሽራ ቀስ እያልክ ትሄድ ነበር አለኝ። «እጄን አነሣሁለት፣ አለፈኝ። ዞሬ ከፊቱ ገጭ አልኩ፣ ሣቅሁለት፣ አሁንም አለፈኝ። ማዶ ገብቶ ኮራብኝ ብዬ ደሜ ፈላ። 'አንተ ሽማግሌ!' ብዬ ብጮኽበት፣ ድምፄን ሲሰማ ጊዜ ፊቱ ሁሉ በርቶ እቅፍ አደረገኝ። ጉንጬን በእጁ ፈልጎ ሳመኝ» አለ። ይሄን ሲለኝ መሬት መሬት ያይ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ከኋላህ ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለታለች፤ እንዳትነግራት ማለቷ ነው።

ሳፋውን አዳመጥኩ። ሻዩን ከስኒው ውጭ ስታፈስ «ልብህ የት ሄደ?» ያልኩህ ትዝ አለኝ። በገዛ ደጃችን በፍየሏ ገንዳ ተደናቅፈህ ገንዳውን የሰደብክበት ቀን ትዝ አለኝ። እጅህን ስለቆረጠመህ ቁርጥማትም አሰብኩ። አንተ ስታበራው የኖርከው የማማው መብራት ራሱን በራሱ ማብራት ሲጀምር «እንግዲህ ሥራዬ አለቀ» ብለህ ስትነሣ እውነት መስሎኝ እኮ ነው። በመብራት አኩርፎ ትቶኝ ሄደ ብዬ እኔም ኩርፊያዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። አንተ ልትነግረኝ ያልፈለግከውን እኔ እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም። ግን አንጀቴ እርር ብሏል። ይሄን ሁሉ ምሽት ጋዝ እየሞላሁ፣ ክር እየቆረጥኩ፣ መስታወት እየወለወልኩ ያበራሁትን ፋኖስ ሲያዩ የነበሩት የኤሊ ልጆች ብቻ ናቸው።

አመሻሽ ላይ ጀልባዋ ከመግባቷ በፊት እፍ ብዬ አጠፋሁት። ሳፋውን ተሸክሜ ከግንዱ ሥር ወረድኩና እርጥቡ አሸዋ ላይ አፈሰስኳቸው። ትንሽ ተደናበሩ። ከዚያ ሁሉም ወደ ባሕሩ ዞሩ። እነዚያ ከጫማህ የወጡት ሦስቱም ሄዱ።

ስመለስ ቤታችን ድቅድቅ ያለ ነበር። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ቤት ጠፋኝ ብልህ ትስቃለህ። ቆም ብዬ ሳዳምጥ ግን ባሕሩ ከኋላዬ ነው፣ ወፎቹ በስተቀኜ ገደሉ ላይ ይንጫጫሉ፣ ፍየሏ ከፊቴ ታመነዥካለች። እየሰማሁ መጥቼ በሩን አገኘሁት። እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ።

በማግስቱ የሠራሁትን ልንገርህ። የማማውን መብራት ሊያይ የመጣውን ባለሙያ ለምኜ በዳርቻው በኩል መብራቱን የሚጋርድ ቆርቆሮ አስገጠምኩት፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አንዴ ስነግረው ገባው። ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ እኔ ራሴ «ጋርዱ!» እያልኩ በየደጁ መዞር ጀመርኩ። ድምፄ እንዳንተ አይወጣም። ሰዉ ግን ወዲያው «እማ ጋርዱ» አለኝና አረፈው። ከወደቡ ደረጃ አንሥቶ እስከ በራችን ድረስ ደግሞ በችካል ላይ የጀልባ ገመድ አስወጠርኩ፤ በወገብ ልክ፣ ለእጅ የሚመች። ለጎብኚዎቹ ነው። ድንጋዩ እያንሸራተተ ይጥላቸዋል። ጀልበኛው «ጎብኚዎቹ አንቺ ቤት ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?» ብሎ ሲያደርቀኝ ችካሉን ምታ ብዬ መዶሻውን አስያዝኩት።

ደወሉንም አዲስ ገመድ አሰርኩለት። እሑድ ዕለት ልሞክረው ብዬ አንዴ ብስበው የገደሉ ወፍ ሁሉ ተነሣ፤ መንደሩ መርከብ ሰጠመ ብሎ ወጣ፤ ጀልበኛው በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ፣ በአንዱ ባዶውን ሲሮጥ መጣ። ማንም የሰጠመ የለም አልኳቸው። ከእንግዲህ ማታ ማታ ጀልባዋ ስትገባ እደውላለሁ፣ ልመዱት አልኳቸው። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ለካ ሳይነግረኝ ኖሯል።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ ወደ ቤትህ ና። ስትመጣ መስኮቱ ጨለማ ነው። የለችም እንዳትል። የኤሊዎቹ ወር እስኪያልቅ ፋኖሱ አይበራም፣ ካለቀም በኋላ ከመደርደሪያው የማወርደው አይመስለኝም። ደወሉን ስትሰማ ከገመዱ ማዶ ያለሁት እኔ ነኝ። በሽንኩርት መርከብ ደወል የምጠራህ እኔ ነኝ። ወፎቹንም የሚያወራላቸው ሰው የለም፤ ጎብኚዎቹን ገደሉ ጋ አቁመህ ዓይናቸውን አስጨፍነህ ታስደምጣቸዋለህ። ጫማህን ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ከበሩ በስተቀኝ፣ እጅህን ዝቅ ስታደርግ የምታገኘው ቦታ ነው። የፍየሏንም ገንዳ ከደጅ አንሥቼዋለሁ።

አንቺ ልጄ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ እንዳይሰበር። ቀስ ብለሽ፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢለት። አልቆጣሁሽም። ስትጨርሺ ሻንጣውን አውርጂለትና ወደ ጀልባው አድርሺልኝ፤ ከዚህ በኩል የምቀበለው እኔ ነኝ።

ፈጣሪ መንገድህን ይጠብቅልኝ፣ ባሕሩን ያስተኛልህ፣ ለእኔም ደወል የምስብበት ክንድ አያሳጣኝ። እንደ ደብዳቤ ወግ በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ጽፌ ሰረዝኩት። ለመገናኘት ያብቃን። ድምፅህን ለመስማት፣ እጅህን ለመያዝ ያብቃኝ።

ባለቤትህ፣
እማ ጋርዱ